አሸዋው ስር

«ቢሞትም እኮ አሸዋው ይሸፍነዋል፤ ማን አይቶ ማን ይነግራል?» ሲል ሰማሁት ወንድሜ ሷሊሕን። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ፣ በአንድ እጁ የአዲሱን ካፌውን በር ይከፍታል፣ በሌላው ፓስቲ ይዞ ይገምጣል። የሚያወራው ከአክስታችን ልጅ ከሳሊም ጋር ነው። ሳሊም ያን ቀን ጧት ጎንደር አዘዞ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ከጅዳ ያመጣውን ቢጫ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ታቅፎ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። የዓሣ ወሬ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ጓሮ ውስጥ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ አኳሪየሙ ውስጥ የሚገባውን ነጭ የባሕር አሸዋ አጥባለሁ። ቃሉን ስሰማ እጄ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀረ። ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ፤ ይህ ሰው ይህን ነገር ዛሬ አልጀመረውም፤ እናቴንም የሸፈናት እንዲሁ ብሎ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ ጦይባ አልረሳሁም።

ካፌው ካፌ ከመሆኑ በፊት የእናቴ የእማ ሃጂራ ክፍል ነበር። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ያለ፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ቤት ነው። ሷሊሕ ግድግዳውን አስፈልፍሎ ሰፊ መስኮት አወጣለት፤ ኮርኒሱን ጂፕሰም አስደረገው፤ ወለሉን ሴራሚክ አለበሰው፤ የማኪያቶ ማሽን አመጣ፤ ወንበሩን ሁሉ ቀይ አደረገው። አልጋዋ በነበረበት በኩል ደግሞ አኳሪየሙን ተከለ። ከአኳሪየሙ በላይ እማ ሙሰበሓዋን፣ የዚክር መቁጠሪያዋን፣ የምትሰቅልበት ሚስማር እስከ ዛሬ አለ። ቀለም ቀቢው መንቀሉ ሰንፎት አብሮ ቀብቶት አለፈ። የገባው ሰው ሁሉ ዓሣ ዓሣውን ያያል፣ እኔ ሚስማሩን አያለሁ።

አኳሪየሙ እንደ ሌላው የወንዝና የሐይቅ ውሃ አይደለም፤ የባሕር ነው። ጨው ይበጠበጥለታል፤ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ነፍስ ያላቸው ኮራሎች አሉበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ካልተነሣ ሁሉም ያልቃል። ጅዳ ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት ማዳሟ እንዲህ ያለ ነበራት፤ የሚንከባከበው ሱዳናዊ አገሩ ሲገባ ሥራው ለእኔ ቀረ፤ እዚያው ተማርኩት። ሷሊሕም ካፌው ውስጥ ያስጠጋኝ ለዚሁ ነው እንጂ ዓይኔን ወዶ አይደለም። ዓምና ስናቆመው ታቹን ባዶ መስታወት አድርጌ ተውኩት። ባዶ ሲሆን ትራፊው፣ ኩሱ፣ የሞተው፣ ሁሉም መስታወቱ ላይ ወድቆ ይታያል፤ በቱቦ ትመጠዋለህ፣ አበቃ። አሸዋ ያምራል፤ የማያምር ነገር ነው አልልም። ግን ያመረውን ያህል ይደብቃል። ከስሩ የተቀበረው እዚያው ይበሰብስና አንድ ቀን የነካካኸው እንደሆን ውሃውን ሁሉ ይመርዘዋል።

ሷሊሕ ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ሰምቶ ዝም ብሎ ነበር። በኋላ ማሽኑ ሲሞከር አንድ የባንክ ሰው መጣና የቀረበለትን ማኪያቶ እያማሰለ «የታጠበ ድስት ይመስላል እኮ፣ ባሕር ያለ አሸዋ አለ እንዴ?» አለው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። የካፌው ምርቃት ሳይደርስ አሸዋ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«አያ ሷሊሕ፣ አሸዋ ይቅርብህ፤ የሚሞተውን አታየውም» አልኩት።

«አለማየቴ ነው ደጉ። እንግዳ ሬሳ ሊያይ ነው የሚመጣው?»

እኔም አልተከራከርኩም፤ ምክንያቱም ወዲያው ሳሊም የሚያመጣውን ቢጫ ዓሣ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። አወቅኩት። ጅዳም ነበረን። ይህ ዓሣ ሲመሽና ሲፈራ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ ዓሣ ነው። አዲስ ቦታ የገባ ቀን ደግሞ ቆይቶ ነው የሚወጣ። ባዶ መስታወት ላይ ብትለቀው ልቅበር እያለ አፍንጫውን ሲደበድብ ይውላል። ስለዚህ ሷሊሕ ሳያውቀው ልክ ነበር። ለምን ልክ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ ያኔ ተንኮል አስቤ አይደለም፣ ከሱ ጋር ማውራት ስለሚያስጠላኝ ነው።

ምን እንዳደረገኝ ልናገር። የአገራችን ወግ የታወቀ ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ሰው አገር ያለ ሰው እናቱ ብትሞትበት በስልክ አይነገረውም፤ ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል ይባላል። ደግ ወግ ነው፤ አልጠላውም። ግን ወጉ ሁለት ግማሽ አለው። ሰውየው አገሩ ሲገባ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ መርዶውን ያረዳዋል፤ ሰው ከብቦት ያለቅሳል። ሷሊሕ የመጀመሪያውን ግማሽ ሠራና ሁለተኛውን ዋጠው። እማ ስትሞት እኔ ጅዳ ነበርኩ። ሁለት ረመዳን ሙሉ በደወልኩ ቁጥር አንዴ እሱ፣ አንዴ ሚስቱ ፈትሂያ ስልኩን ያነሣሉ። «ተኝታለች፤ አትቀስቅሱኝ ብላለች።» «ደህና ናት፤ አንቺን ነው የምትጠይቀው።» «ስትመጪ ታያታለሽ።» እኔም ጅሏ እሰይ እያልኩ፣ ደህና ተኚ እማ እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

ከዚያ ያ ሁሉ ሐበሻ ከሳውዲ ሲባረር እኔም አንድ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። ቤት ስገባ እማ ገጠር፣ ድብ ባሕር የሚባል አገር ዘመድ ዘንድ ሄዳለች፣ ሰሞኑን ትመጣለች አሉኝ። ክፍሏ ተቆልፏል፤ ግንበኛ አለበት ተባለ። በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ነጂው በመስታወቱ ፊቴን አየት አደረገና «የእማ ሃጂራ ልጅ አይደለሽ? አላህ ይዘንላቸው፤ ሲቀበሩ እኔም ነበርኩ» አለኝ። የእናቴን መርዶ ባጃጅ ውስጥ ሰማሁ። ስሙን እንኳ የማላውቀው ልጅ ነው ያረዳኝ። መልሴን ሳልቀበል ወረድኩ። ሷሊሕን ስጠይቀው «አንቺን አስበን እኮ ነው» አለና አንገቱን ደፋ። ሐዘኑ ካለፈ፣ ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፤ ሰዉ ሁሉ ቤተ ዘመድ ያረዳኝ መስሎታል። ማን መጥቶ አብሮኝ ይቀመጥ? ጓዳ ገብቼ ብርድ ልብስ ነክሼ ብቻዬን አለቀስኩ። ያን ቀን የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬም የምፈልገው እሱኑ ነው። ሷሊሕ በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት፣ ሞታ ደበቅኋት እንዲል። ሰውም እንደ ወጉ ከእኔ ጋር እንዲቀመጥ።

የምርቃቱ ቀን ጧት አሸዋውን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጥቤ በሰፊ ቱቦ ቀስ አድርጌ ወደ ታች ለቀቅኩት። ውሃው ጥቂት ደፈረሰና ጠራ። እውነቱን ልናገር፣ ሸጋ ሆነ። ኮራሎቹ ከነጩ አሸዋ ላይ ሲታዩ ልብ ይወስዳሉ። ሷሊሕ በካፌው መሀል ቆሞ እጁን አጣምሮ «አየሽ?» አለ። «አየሁ» አልኩት። ሳሊም ዓሣውን ይዞ ደረሰ፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ከረጢቱን ውሃው ላይ አንሳፍፌ፣ የእኛን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ አለማመድኩትና ለቀቅኩት። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ዓሣ ነው። አንድ ጊዜ ግራ ቀኙን አየ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋና አሸዋው ውስጥ ሹልክ ብሎ ጠፋ። ሷሊሕ በዚያ ሰዓት ውጭ ወንበር ከሚያራግፉት ጋር ይጨቃጨቅ ስለነበር አላየም። ሳሊምም ራሱን ሊጥል ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሷሊሕ ገባ። መስታወቱን በዚህ በኩል አየ፣ በዚያ በኩል አየ። ለዚህ ዓሣ ወር ሙሉ ፒያሳን አስጨንቋታል፤ ጎንደር ውስጥ ማንም የለውም፣ መጥታችሁ ታያላችሁ ሲል ከርሟል።

«የት አለ?» አለኝ።

አፌን ከፍቼ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የሚያድር ዓሣ ነው፣ አትጨነቅ ልል ነበር። በአላህ ስም፣ ልል ነበር። ግን ያ የስልኩ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ማን አይቶ ማን ይነግራል ያለው። ቀና ብዬ አየሁት።

«ተኝቷል» አልኩ። «አትቀስቅሱት።»

ሳቅ አለና ሄደ። ነገሩ አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። አንዲት ውሸት ሳልናገር፣ ያጎረሰኝን መልሼ ላጎርሰው ነው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹ፤ እኔም ያን ቀን ዙሁርን ስሰግድ ቀልቤ አላህ ያውቃል የት እንደነበረ። ቂሜ ነው የሰገደው።

ከዙሁር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እጁ ላይ ዱቄት ስኳር አለበት፣ ኬክ ሲደረድር ቆይቶ ነው። ጎንበስ ብሎ ከድንጋዮቹ ኋላ አየ። «አሁንም አልተነሣም?» አለ። «መንገድ አድክሞታል» አልኩት፣ «ደህና ነው ግን።» በሦስተኛው ጊዜ ፈትሂያንም አስከትሎ መጣ። ፈትሂያ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሂና ተቀብታለች፤ የሰርግ እናት መስላለች። «ሰው ሊመጣ ነው እኮ፣ ምነው ይህ ዓሣ?» ሲለኝ «ስትቆይ ታየዋለህ» አልኩት። ያኔ የፈትሂያ ፊት ተለወጠ። ሴት ናት፣ ቶሎ ገባት፤ ይህን ቃል እሷም በስልክ ስንት ጊዜ ብላኛለች። ዓይኗን ከእኔ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ ወለሉ አዞረች። ሷሊሕ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረችና የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች ቆመች።

«ጦይቤ፣ ዛሬን እንኳ ብትተዪው» አለች።

«ምኑን?»

ብርጭቆ ልትቆጥር ይሁን ምን፣ ወደ ጓዳ ገባች፤ አንድም የብርጭቆ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ፣ እንግዳው መጣ። የባንኩ ሰው መጣ፤ የፒያሳ ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው መጡ፤ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ወንዶቹ በማሽኑ በኩል ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ማኪያቶ አሥራ ሁለት ብር ይሆናል፣ ኧረ አሥር ይብቃው፣ ለዛሬ በነፃ ነው፣ እየተባለ ይሳቃል። በመጨረሻ ሐጂ አብዱልመናን ገቡ፤ የአባታችን ባልንጀራ ናቸው፣ ለምርቃቱ ዱዓ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ውሃውን አዩት።

«ማሻአላህ» አሉ። «አሸዋውስ እንዴት ያለ ነው! ያ የምትለው ቢጫ ዓሣ የታለ ልጄ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ መስታወቱ ዞረ። ሷሊሕ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ንገሪኝ፤ ሞቷል አይደል?» አለ።

«ተኝቷል።»

«ጦይባ!»

«ደህና ነው አያ ሷሊሕ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «አንተን ነው የሚጠይቀው።»

እንግዳው ሳቀ። ዓሣ ሰው ሲጠይቅ፣ እንዴት አይሳቅ? የባንኩ ሰው ጠረጴዛውን መታ። ሷሊሕ ግን አልሳቀም። አሁን ገባው። ፊቱ አመድ ሆነ፤ ቃሉን አውቆታል፣ የገዛ አፉ ቃል ነው። ነገሩ የገባው ግን በኔ በኩል አልነበረም፣ በሱ በኩል ነው። እሱ «ተኝታለች» ሲል ሞታ ነበር፤ ስለዚህ እኔም «ተኝቷል» ስል ሞቷል ማለቴ ነው ብሎ ቆረጠ። ሌላ ነገር ሊያስብ አልቻለም።

«ሞቷል! ሞቷል በይ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ቀኑን ሙሉ ተኝቷል፣ ደህና ነው፣ ታየዋለህ ትይኛለሽ፤ መቼ ነው የሞተው? ሰው ፊት ምን ልሁን ብለሽ ነው? የሞተ ሞተ ይባላል እንጂ ሰው እንዲህ ይደረጋል?»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ ይህን ቃል ያን ያህል ዘመን ጠብቄዋለሁ።

«ይባላል እንዴ?» አልኩት። «የሞተ ሞተ ይባላል? የእኔ እናት ስትሞት ምነው አልተባለልኝ?»

ሐጂ አብዱልመናን አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። «ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ስትመጪ አላረዱሽም?»

«ያረዳኝ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ሐጂ። ስሙን አላውቀውም። ለሱም መልስ ትቼለት ወረድኩ።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ውይ!» አለችና አፏን ያዘች። ሐጂ ወደ ሷሊሕ ዞሩ። ሷሊሕ የማሽኑን ጠርዝ ይዞ ቆሟል። ፈትሂያ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ተናገር በሚል ዓይን ታየዋለች።

«ደበቅኋት» አለ በመጨረሻ። «ሰው አገር ብቻዋን ናት ብዬ ደበቅኋት። ስትመጣ ደግሞ... ክፍሉን አፍርሼው ነበር፣ ሐጂ። አልጋዋን አውጥቼው ነበር። እንዴት ብዬ ሰው ልሰብስብ? የት ላስቀምጣቸው? ዛሬ ነገ ስል አለፈ። ሞታ ደበቅኋት።»

አለው። ሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ እሷው ክፍል ውስጥ ቆሞ አለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ማንንም አልዋሽም። ያ ቀይ ወንበር፣ ያ ኬክ፣ ያ ሁሉ የደገሰው ነገር እንዳልነበረ ሲሆን እያየሁ ደስ አለኝ።

ሐጂ ሲኒያቸውን ወደ ጎን ገፉት። «ያን ነገር አጥፉት» አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ። ጠፋ። «ሴቶች፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ከልጅቱ ጋር ተቀመጡ እንጂ!» አሉ። ከዚያ ሴቶቹ የወርቅ አምባራቸውን እያወለቁ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ አዲሱን ሻርፓቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው መጡና ወለሉ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። አንዷ ራሴን ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። የማን ሚስት እንደሆነች አላውቅም። ሐጂ መርዶውን እንደ ወጉ፣ ዛሬ እንደሞተች አድርገው አረዱኝ። «ጦይባ ልጄ፣ እናትሽ ሃጂራ ወደ ማይቀረው ሄዳለች፤ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። እኔ የማውቀውን ነገር እንደማላውቅ ሆኜ ሰማሁት፤ እማዬ ብዬ ጮህኩ፤ ሴቶቹም አብረው ጮሁ። ድምፃችን መንገድ ወጣ፤ አላፊ አግዳሚው ምርቃት ብሎ ጎራ ሲል ለቅሶ ሆኖ አገኘውና ጫማውን እያወለቀ ገብቶ ተቀመጠ።

የደስታዬ ነገር ግን ብዙ አልቆየም። የቂሜ ቦታ ባዶ ሲቀር እማ ሙሉ ሆና መጣችብኝ። ቂሙን ይዤው የኖርኩት እሷን ይዤ እንዳላለቅስ ኖሯል። እንባዬ የዚያን ጊዜ ነው የመጣው። ሷሊሕም ከወንዶቹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ልክ በሚስማሩ ትይዩ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንሰቅስቆ ያለቅሳል። ለማን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩትም።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀመሩ። ሁላችንም አሚን እያልን ሳለ ሳሊም፣ ከእንቅልፉ በጩኸቱ ተነሥቶ የወረደው ሳሊም፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና በአገጩ ወደ ውሃው አሳየኝ። ከነጩ አሸዋ ውስጥ ቢጫ ራስ ብቅ ብሏል። ዓሣው አሸዋውን ከፊቱ አራገፈ፤ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ወጥቶ ከኮራሎቹ በላይ፣ በመብራቱ ስር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መዋኘት ጀመረ። ሷሊሕ ዱዓው ሲያልቅ ቀና አለና አየው። ቆመ። ወደ መስታወቱ ሄዶ ጣቱን ሊያስነካ ፈልጎ መለሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ከፈት ብሏል፤ ልጅ ሳለን እንደነበረው ሆነ።

«ሕያው ነው እንዴ?» አለ።

«ተኝቷል አላልኩህም? ያንተው ተነሣልህ፣ አያ ሷሊሕ» አልኩት። «በል እንግዲህ የእኔዋንም ቀስቅስልኝ።»